የሙቂት ፍል ውሃና የእኔ ፊርማ

ጡረታ ከወጣሁ አምስት ወር ሆነኝ። እስካሁን ግን አንድ ሙሉ ቀን ፍኖተ ሰላም ቤቴ ውዬ አላውቅም። ጎረቤቶቼ "እንግዲህ አረፍሽ" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ማረፍ በየት በኩል እንደሚጀመር አላወቅሁበትም። ቁርሴን ሳልጨርስ እግሬ ይነሳል። መናኸሪያ ሄጄ ያገኘሁት መኪና ላይ እሳፈራለሁ፤ አንድ ቀን ማንኩሳ፣ አንድ ቀን ቡሬ። ወርጄ የማየው ድንጋይ ነው። ግማሹ የተበላ ኮረብታ፣ ሣር የበቀለበት የድንጋይ ማውጫ ካባ፣ አዲስ የተጣለ የቤት መሠረት። ቆሜ የትኛው ድንጋይ ከየትኛው ካባ እንደወጣ በልቤ እለያለሁ። ባለቤቱ ብቅ ብሎ "ምን ፈልገው ነው እናቴ?" ሲለኝ "ምንም፤ መንገዴ ነው" ብዬ አልፋለሁ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ የማዕድን ባለሙያ ነበርኩ። ማዕድን ሲባል ሰው ወርቅ ይመስለዋል። የእኛ አገር ማዕድን ጥቁር ድንጋይ፣ አሸዋና ለመንገድ የሚደለደል ገረጋንቲ ነው። የእኔ ሥራ ደግሞ ቦታው ድረስ ሄዶ ድንጋዩ ለምን እንደሚሆን፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያስቆፍር፣ ሲቆፈርም ማንንና ምንን እንደሚነካ መርምሮ መጻፍ ነበር። ፈቃዱን የሚሰጡት አለቆች ናቸው፤ እኔ ካልፈረምኩ ግን አይሰጡም። ደመወዙ ያው የመንግሥት ደመወዝ ነው፤ ልጆች አሳደግኩበት፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

መጀመሪያ የተመደብኩት ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ነው። እህል በጫነ አይሱዙ ላይ ተቀምጬ፣ ዲፕሎማዬን በፌስታል ጠቅልዬ ገባሁ። የጠበቁኝ ጋሽ ባይለየኝ የሚባሉ ቴክኒሻን ነበሩ። ትምህርታቸው ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን በውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ አርጅተዋል። በማግስቱ ለመንገድ ሥራ የሚሆን ድንጋይ ልናይ አንድ መንደር ሄድን። ጥቁሩ ድንጋይ ከሩቅ ይታያል። እኔ ቸኩዬ መዶሻዬን አወጣሁ።

"መልሺው" አሉኝ።

"ለምን ጋሼ? ድንጋዩ እኮ ያውልዎት።"

"ድንጋዩ የትም አይሄድም። መጀመሪያ ውሃውን ጠይቂ።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን ወደ አንድ ቤት ጎራ አሉና የሚጠጣ ውሃ ለመኑ። ጠጡ፤ አመሰገኑ፤ "ይኸ ውሃ ከየት ነው የሚቀዳ?" አሉ። "በበጋስ? ከባድ ዝናብ ሲጥል ይደፈርሳል? ከስንት ቀን በኋላ?" ከዚያ ሁለተኛ ቤት፣ ከዚያ ሦስተኛ ቤት። በሦስተኛው ቤት ሆዴ በውሃ ተነፍቶ ነበር። ድንጋዩ ጋ የደረስነው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ መዶሻውን ራሳቸው ሰጡኝና "እንግዲህ አሁን ምቺው፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ አድምጪ" አሉኝ። ጤነኛ ድንጋይ ሲመቱት እንደ ደወል ይጮኻል። ውስጡ የተሰነጠቀ ግን ድምፁ ይታፈናል። ስብራቱን በምራቃቸው አርሰው ፀሐይ ላይ እያዞሩ ያዩታል፤ ሲረጥብ የድንጋዩ ፍሬ ፍንትው ብሎ ይወጣል። ማስታወሻ የሚይዙት በእርሳስ ብቻ ነው፤ "የብዕር ጽሑፍ ዝናብ ይወስደዋል" ይላሉ። ስለ ሰውም ስለ ድንጋይም ክፉ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። የሚያስቆጣቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳይጠይቁ መጻፍ።

ሦስት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። ከዚያ እሳቸው ጡረታ ወጥተው ቡሬ ልጃቸው ቤት ገቡ፤ እኔም ተከትያቸው የመጣሁ ይመስል ቡሬ ተመደብኩ።

ቡሬን በዚያ በሞቅታዋ ሰሞን ማየት ነበር! ፋብሪካ ይተከላል፣ መንገድ ይነጠፋል፣ ኮብልስቶን ይጠረባል። ጠጠር የጫነ መኪና ከተማውን አቋርጦ ሲያልፍ አቧራው እስኪወርድ ሌላው ይደርሳል። አልጋ ቤት ሁሉ ሞላ። ትናንት በሬ ሲነዳ የነበረ ጎረምሳ ዛሬ ድንጋይ ጠርቦ ባጃጅ ገዛ። እኛም ከካባ ካባ ስንሮጥ ውለን በአቧራ ነጥተን እንመለሳለን። አለቆች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። አንዱ ሪፖርት በገጽ ብዛት ይመዝን ነበር። ሌላው ጫማው አቧራ እንዳይነካው ከመኪና አይወርድም። የመጨረሻው ግን ፈጣን፣ ተናጋሪ፣ ሰውን ማሠራት የሚያውቅ ሰው ነበር። እወደው ነበር፤ የበደሌ ግማሹ እሱን ላለማሳዘን ከመፈለግ የመጣ ነው።

ከቡሬ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርዱ፣ ቆላው ሳይጀምር፣ ሙቂት የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ስሟን ያገኘችው ከፍል ውሃዋ ነው። ውሃው ከቋጥኝ ሥር እየፈላ ይወጣል፤ ወገቡን የታመመ፣ ጉልበቱ ያስቸገረው፣ ቆዳው የሚያሳክከው ከየአገሩ ይመጣል። በበጋ የተማሪ ሽርሽር በአውቶቡስ ይጎርፋል፤ አልፎ አልፎ የውጭ አገር ሰዎችም ካሜራ አንግተው ብቅ ይላሉ። መንገድ ዳር ቤት ያለው ሁሉ በዚያ ውሃ ይኖራል፦ መደብ የሚያከራይ፣ ጠላ የሚሸጥ፣ ከአስፋልቱ ድረስ በበቅሎ የሚያመላልስ። ከሁሉም የታወቁት እትዬ ማናለብሽ ናቸው። ባላቸው ሲሞት ውሃው አጠገብ በቆርቆሮ የተከለለ መታጠቢያ ሠርተው፣ አራት ክፍል የእንግዳ ቤት ከፍተው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት።

ከፍሉ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ያለው ድንጋይ ግን እንደ ደወል የሚጮኸው ዓይነት ነው። አንድ ባለሀብት ድንጋይ የሚፈጭ ክሬሸር ሊተክልበት ጠየቀ። ባለሙያ ሆኜ የተላክሁት እኔ ነኝ። ግንቦት መጀመሪያ ነበር፣ ዝናቡ ገና ሳይጥል። አለቃዬ "ሰኔ ሠላሳ ሳይደርስ ፈቃዱ ወጥቶ በዚህ ዓመት ሥራ ውስጥ መግባት አለበት። ሦስት ቀን ይበቃሻል" አለኝ። ሦስት ቀን እንደማይበቃ አውቃለሁ። "እሺ" አልኩት።

መንደሩ ስገባ የሥራ አጥ ወጣቶች ማኅበር ሰብሳቢ አበጀ ተቀበለኝ። አሥረኛ ክፍል ጨርሶ መሬት ያልደረሰው፣ ዓይኑ የማያርፍ ልጅ ነው።

"እትዬ ይታይሽ" ብሎ በስሜ ጠራኝ፣ "ፍሉ የሚያበላው መንገድ ዳር ቤት ያለውን ነው። እኛ የተወለድነው ድንጋይ ላይ ነው። ያባቶቻችን መሬት ለወንድሞቻችን እንኳ አልበቃ። ድንጋያችንን አትከልክሉን።"

እውነቱን ነው። ልቤም ወደ እነሱ አደላ።

ሦስቱንም ቀን ያደርኩት እትዬ ማናለብሽ ቤት ነው። አበሉኝ፤ እግሬን በፍሉ አጠቡኝ። ኮረብታውን በጂፒኤስ ዞርኩ፣ ድንጋዩን መታሁ፣ ናሙና ያዝኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቋጥኙ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ሌላው ሣር ሁሉ ደርቆ ሳለ፣ ከላይ እስከ ታች በቀጭኑ የወረደ አረንጓዴ መስመር። በዚያ ደረቅ ወቅት ልምላሜ ካለ ሥሩ ውሃ አለ ማለት ነው፤ ድንጋዩ እዚያ ጋ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁም ቁልቁል ወደ ፍሉ ያመራል። በማስታወሻዬ ላይ በእርሳስ አሰመርኩት። ማንንም አልጠየቅሁም። ብጠይቅ መልሱ ሥራውን ሊያስቀርብኝ እንደሚችል ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ቢሮ ተመልሼ ሪፖርቱን ስጽፍ ያቺን መስመር ተውኳት። "ፍንዳታው በጥንቃቄ ይሁን" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አስገብቼ ፈረምኩ።

ክሬሸሩ ተተከለ። ሁለት ዓመት ሙቂት በድንጋይ ተንበሸበሸች። አበጀና ጓደኞቹ ሥራ አገኙ፤ ሦስቱ ሚስት አገቡ፤ የቆርቆሮ ቤት በቆርቆሮ ቤት ላይ ተደረደረ። እኔም ባለፍኩ ቁጥር እየተጋበዝኩ፣ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ድማሚት በፈነዳ ቁጥር ግን ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ይንጫጫል። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ፍሉ ለብ አለ። ቀጥሎ ቀጠነ። አንድ ጠዋት መጥተው ሲያዩት ቋጥኙ ሥር እርጥብ አፈር ብቻ ቀርቷል።

ከዚያ ደግሞ አገሩ ታመሰ። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ መልሶ ይዘጋል። ግንባታው ሁሉ ቆመ፤ ጠጠር የሚገዛ ጠፋ። ባለሀብቱ ማሽኑን ነቅሎ ሄደ። ፍሉም ካባውም ባንድ ዓመት ውስጥ ሞቱ። ሙቂት የድንጋይ ክምርና ባዶ አልጋ ይዛ ቀረች።

እኔ ይህን ሁሉ የምሰማው ፍኖተ ሰላም ተዛውሬ ቢሮ ተቀምጬ ነበር። እንቅልፍ የለኝም፣ ወንበር አይበቃኝም፤ ጓደኞቼ "ምን ያቁነጠንጥሻል?" ይሉኛል። በመጨረሻ መንገዱ ሲከፈት የተዘጋውን ካባ ልመረምር ነው ብዬ ሄድኩ።

እትዬ ማናለብሽን ያገኘኋቸው ከቤታቸው ጓሮ ብቻቸውን ጎመን ሲተክሉ ነው። ቤታቸው በር ላይ ሰው የለም። ሰላምታዬን መለሱልኝ፤ ግን "ቤቴ ባትገቢ ይሻልሻል" አሉኝ።

"ለምን እትዬ?"

"ከእድር አስወጥተውኛል። የኔን ደጅ የረገጠ አብሮ ይኮነናል አሉ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። መንደርተኛው ፍሉን እንደ ጠበልም ያየው ነበር። ውሃው ሲጠፋ "የእግዜርን ውሃ በቆርቆሮ ከልላ ስለሸጠችው ተቆጥቶ ሄደ" ተባለ። መጀመሪያ ሹክሹክታ ነበር፤ ኋላ ፍርድ ሆነ። እህታቸው ሞታ የቀበሩት ከልጆቻቸው ጋር ብቻቸውን ነው። የነገሩኝ ሳያለቅሱ ነው፣ ጎመኑን እየኮተኮቱ። እኔም አጠገባቸው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ቅዳሴ ሲያበቃ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተሰብስቦ ስለ መንገድ ጥገና ይመክራል። የመናገር ዕድል ለመንኩ። የእድሩ ዳኛ አያ ፈንታ ናቸው፤ ስለ ፍሉ እንደማነሳ ሲያውቁ ቀድመው ተናገሩ፦

"እኛስ ምን እንላለን? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።"

ሰው ሁሉ ወደ እትዬ ማናለብሽ ቤት አየ።

"አያ ፈንታ፣ ተረቱ ልክ ነው" አልኩ። "ሴትዮዋን ግን ተሳስታችኋል። ያቺ ሴት እኔ ነኝ።"

ማስታወሻዬን አውጥቼ በእርሳስ ያሰመርኩትን አሳየኋቸው። ውሃው በየት በኩል ይመጣ እንደነበር፣ ድማሚቱ ስንጥቁን እንዴት እንዳናጋው፣ እኔ ይህን አይቼ ሪፖርቱ ውስጥ እንዳላስገባሁ ነገርኳቸው። ጫጫታ ሆነ። አንዱ "አንቺን ማን ላከብን!" ብሎ ጮኸ። አበጀ ግን ከመሐል ተነሳ።

"ድማሚቱን የቀበርነው እኛ ነን" አለ። "ፍሉ ለብ ሲል አይተናል። ሥራ እንዳይቆም ብለን ዝም አልን። እትዬ ማናለብሽ ሲሰደቡም ዝም አልን።"

አያ ፈንታ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ። ከዚያ ቁልቁል ወረዱ። ወዴት እንደሚሄዱ ስናይ ሁላችንም ተከተልናቸው። እትዬ ማናለብሽ ደጅ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "ጥፋቱ የኛ ነው፤ ይማሩን" አሉ።

እትዬ ማናለብሽ እሳቸውን ይቅር አሉ። እኔን ግን ዞር ብለው አዩኝና "ሦስት ቀን ቤቴ አደርሽ" አሉኝ። "ኮረብታው ላይ ዝናብ ሲጥል በሦስተኛው ቀን ፍሉ ይደፈርሳል። ይኸን ልጅም ያውቃል። አንዲት ቃል ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?"

ማስታወሻዬን አወጣሁና የነገሩኝን በእርሳስ ጻፍኩት።

ቢሮ ተመልሼ የሆነውን በጽሑፍ አቀረብኩ። ያው ሦስት ቀን የሰጠኝ አለቃዬ፣ እሱም ፍኖተ ሰላም ተዛውሮ ነበር፣ አንብቦ "ማን ጠየቀሽ?" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንግጦ ነው። ከደረጃዬ ዝቅ ተደርጌ እስከ ጡረታዬ መዝገብ ቤት እንድሠራ ተወሰነ። ይገባኛል ብዬ ተቀበልኩ።

ቡሬ ስሄድ ግን ጋሽ ባይለየኝ ዘንድ መግባት ነበረብኝ። ከአልጋ ከዋሉ ቆይተዋል፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

"ሙቅ ውሃ አይሞትም" አሉ ቀስ ብለው። "መንገድ ሲዘጋበት ሌላ ይፈልጋል። ታኅሣሥ ይግባ። ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይመታው፣ ከካባው በታች ያለውን መስክ እይው። አመዳይ ያልነካው ሣር ፈልጊ።"

ታኅሣሥ ሳይገባ ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ ያሰብኩት ስለ አመዳይ ነበር፤ አሁንም ድረስ ይህ ያሳፍረኛል፣ ግን እሳቸው የሚቀየሙኝ አይመስለኝም።

ያመት ፈቃዴን ጠይቄ ሙቂት ወረድኩ። ዐሥራ አንድ ማለዳ ከአበጀና ከጓደኞቹ ጋር ጎህ ሲቀድ መስኩን አሰስን። አመዳዩ ሣሩን እንደ ዱቄት ለብሶታል፤ ጣታችን ደንዝዟል። ሰዎቹ መሰላቸት ጀምረው ነበር። በዐሥራ ሁለተኛው ማለዳ አበጀ ከታች፣ ከገደሉ ጥግ ካለው ቁጥቋጦ ጮኸ። ስንደርስ ምንጣፍ የሚያህል ሣር ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ፣ ዙሪያው ነጭ ሆኖ፣ መሐሉ ሳይነካ ቆሟል። መዳፌን ጣልኩበት። መሬቱ ለብ ይላል። ልጆቹ በዶማ ጀመሩት፤ የሰው ቁመት ያህል ሳይቆፍሩ ውሃው መጣ። እንደ ድሮው አይፋጅም። ሙቅ ነው ግን።

ገንዳውን የሠሩት እነዚያው ካባው ላይ ይሠሩ የነበሩት ልጆች ናቸው፤ ሳይሸጥ የተከመረውን ድንጋይ ተሸክመው አውርደው። መታጠቢያውን እትዬ ማናለብሽና ማኅበሩ በጋራ ያስተዳድሩታል። ሙቂት ግን በለጸገች ብዬ አልዋሽም። መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን ከቡሬም፣ ከሩቅ ከሊበንም ሳይቀር ሰው ይመጣል። መንገዱ ሲዘጋ ገንዳው ውስጥ የሚንቦጫረቁት የመንደሩ ልጆች ብቻ ናቸው። የአበጀ ሁለት ጓደኞች ጠብቀው ጠብቀው ተሰደዋል።

ባለፈው ወር በኔ ቦታ የተተካው ወጣት ባለሙያ ደወለልኝ። ትሑት ልጅ ነው፤ ኮረብታ በድሮን ፎቶ ያነሣል። ሌላ ባለሀብት የዚያኑ ኮረብታ ሌላኛውን ጎን ጠይቋል። "ቦታውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎትና አስተያየትዎን ቢጽፉልኝ" አለኝ። ስልኩን ሳልዘጋ እግሬ ተነሳ። አራት ቀን ዞርኩ፤ በየቤቱ ውሃ ለምኜ ጠጣሁ፤ የጠየቅሁትን ሁሉ መዘገብኩ። አራት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ድንጋዩን ጨርሶ አልከለከልኩም፤ በዚያው ጎን፣ ከገንዳው ከፍታ በታች፣ ያለ ድማሚት፣ በመሮና በመዶሻ ይሁን ነው ያልኩት። ለልጁ ከመስጠቴ በፊት ግን እትዬ ማናለብሽ ቤት ይዤው ሄድኩ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። አበጀም ተጠርቶ መጣ። ማንበብ ጀመርኩ።

"'በላይኛው ክፍል የሚካሄድ ማናቸውም ፍንዳታ በምንጩ ላይ አሉታዊ ተጽዕኖ ሊያሳድር ስለሚችል...'"

"ቆይ" አሉ እትዬ ማናለብሽ። "አሉታዊ ተጽዕኖ ምንድን ነው?"

"ጉዳት ማለት ነው፣ እትዬ።"

"ጉዳት ከሆነ ጉዳት በይው እንጂ። 'ሊያሳድር ስለሚችል'ስ? ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?"

"ይጎዳል።"

"ታዲያ ለምን ታልጎመጉሚያለሽ?"

አበጀ ሳቁን ዋጥ አደረገ። እኔ ዓረፍተ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር ሰረዝኩና ከበላዩ "በላይ በኩል ድማሚት ከፈነዳ ውሃው ይጠፋል" ብዬ ጻፍኩ። አነበብኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በርጩማቸውን ሳብ አድርገው ወደ እኔ ተጠጉ።

"እንግዲህ አሁን" አሉ፣ "ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ።"